ለጡረታ ስታቅዱ ማንን ታማክራላችሁ?

ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ገንዘብ እንዳላችሁ ከታወቀ መካሪ አይጠፋም። የባንክ ልጆች የአክሲዮን ፎርም ይዘው ቢሮ ድረስ ይመጣሉ። የኢንሹራንስ ወኪሉ ይደውላል። ደላላው «ዘንዘልማ በኩል አንዲት ቦታ አለች፣ ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም» ይላል። የአክስት ልጅ ደግሞ በቴሌግራም በየቀኑ የሚከፍል ነገር አግኝቶ፣ እናንተም እንዳያመልጣችሁ ሌሊት ሁሉ ሊንክ ይልካል። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚያወሩትን ያምኑበታል። ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ እናንተ «እሺ» ስትሉ ይከፈላቸዋል፣ «ይቅርብኝ» ስትሉ አይከፈላቸውም።

ለጡረታ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት፣ «ይቅርባችሁ» ብሎ ቢመክራችሁ ምንም የማይጎድልበት አንድ ሰው ይየው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የት እንደምትፈልጉት፣ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ምን እንደምትጠይቁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጡረታችሁን አስሉ

ማንንም ከማማከራችሁ በፊት ይህን ሥሩ፤ በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛም ሁኑ የግል ድርጅት ተቀጣሪ፣ በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። መከላከያና ፖሊስ የራሳቸው ስሌት አላቸው። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜ ልክ የወር አበል ያገኛል፣ ከዚያ በታች ያገለገለ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይዞ ይሰናበታል።

የአበሉ ስሌት ይህ ነው። የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ ትይዛላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ትጨምራላችሁ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

30 ዓመት ያስተማረች መምህርት እንውሰድ። 30 ሲደመር 20 ጊዜ 1.25፣ 55 በመቶ ይመጣል። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዟ 12,000 ብር ከነበረ፣ ጡረታዋ በወር 6,600 ብር ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል አለባት፤ በ18 ዓመቷ ካልተቀጠረች አይሆንም ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ስሌቱ የሚሠራው በደመወዝ ላይ ነው። የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ማታ ኤክስቴንሽን በማስተማር የሚገኘው፣ ልጆች በማስጠናት የሚገኘው እዚህ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ሥራ ላይ እያሉ ደህና ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ወር የሚደነግጡት።

ሁለት ነገር አሁኑኑ አጣሩ። አንደኛው ዕድሜ ነው። ጡረታ የሚታሰበው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ባስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው፣ ኋላ ላይ በሚወጣ የልደት ወረቀት አይደለም። ሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ በዓይናችሁ እዩ። ሁለተኛው፣ በተለይ ለግል ድርጅት ሠራተኞች፣ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ገንዘብ በእርግጥ ገቢ እየተደረገ መሆኑ ነው። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ «ጡረታ» ተብሎ መቆረጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ጠይቁ። በነጻ ነው፣ የምትጠይቁትም ሰው የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም። በ59 ዓመት ከማሯሯጥ በ45 ዓመት አንድ ጠዋት ማጥፋት ይሻላል።

ጣና ላይ ጀልባ ላላችሁ፣ ዓሣ ለምትነግዱ፣ ዘጌ ላይ ቡናና ጌሾ ለምታለሙ፣ ባጃጅ ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ሁሉ አይመለከተንም ብላችሁ አትለፉት። የጡረታ ሕጉ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያለ ሰው በፈቃዱ የሚሸፈንበትን በር ከፍቷል። እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ካልተመቻችሁ ደግሞ የእናንተ ጡረታ ሙሉ በሙሉ በራሳችሁ እጅ ነውና ከዚህ በታች ያለው ከማንም በላይ ለእናንተ ነው።

ጉድለቱን በብር ጻፉት

አሁን ቤታችሁ በወር ምን ያህል እንደሚያወጣ ጻፉ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ መብራትና ውኃ፣ ዕድር፣ ክርስትናና ሰርግ፣ መድኃኒት። መድኃኒቱን አታሳንሱት፤ ከ60 በኋላ ዋናው ወጪ እሱ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከቤት ወጥተው ራሳቸውን ከቻሉ ቀንሱ፣ እንደማይወጡ ከታወቀም አትቀንሱ። ወጪው 15,000 ሆኖ ጡረታው 6,600 ከሆነ፣ ጉድለቱ በወር 8,400 ብር ነው። አማካሪ ጋ ይዛችሁ የምትሄዱት ይህን ቁጥር ነው። ቁጥር ሳትይዙ ከሄዳችሁ የሚመክራችሁ እሱ እጁ ላይ ያለውን ነው።

ከዚያ የኑሮ ውድነቱ አለ። ብዙ ሰው «እኔ አደጋ አልወድም፣ ባንክ ይቀመጥልኝ» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን እንቁጠረው። የተራ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። 100,000 ብር በ7 በመቶ 10 ዓመት ቢቀመጥ ወደ 197,000 ብር ይደርሳል፣ ያውም የወለዱን ግብር ሳንቀንስ። ዋጋ በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ዛሬ በ100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ያኔ ወደ 405,000 ብር ይፈልጋል። ብሩ በእጥፍ አድጎ የሚገዛው ግን ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍ መጨመሩን፣ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትም አብሮ መወደዱን ሁላችንም አይተናል። ባንክ ማስቀመጥም የራሱ አደጋ አለው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነው የማይታየን።

ታዲያ ገለልተኛ አማካሪ ማን ነው?

ክፍያውን ከእናንተ ብቻ የሚቀበል ሰው ነው። በሰዓት ወይም በአንድ ሥራ ተስማምቶ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ አክሲዮን ገዛችሁ አልገዛችሁ ገቢው የማይለወጥ። «በነጻ ነው የማማክራችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ጠንቀቅ በሉ፤ ከሌላ ቦታ ይከፈለዋል ማለት ነው። የባንክ ሠራተኛ የተቀማጭ ዕቅድ አለበት፣ ወሩ ሲያልቅ «ስንት አስገባህ» ይባላል። የኢንሹራንስ ወኪል ከዓረቦኑ ኮሚሽን ያገኛል። የሪል እስቴት ሻጭም፣ ደላላም እንዲሁ። እነዚህን ሰዎች ስለሚሸጡት ነገር ዝርዝር ጠይቋቸው፣ ከማንም በተሻለ ያውቁታል። «ልግዛ ወይስ አልግዛ» የሚለውን ግን ለእነሱ አታቅርቡ።

አገራችን ውስጥ ሕግም መጥቷል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለኢንቨስትመንት አማካሪዎችና አክሲዮን ለሚያገበያዩ ደላሎች ፈቃድ ይሰጣል። አንድ ሰው ስለ አክሲዮንና ቦንድ እያማከረ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት፣ ከዚያ ደግሞ የባለሥልጣኑ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። የፈቃዱንም ዓይነት እዩ። የደላላ ፈቃድና የአማካሪ ፈቃድ አንድ አይደሉም፤ ደላላው በገዛችሁና በሸጣችሁ ቁጥር ነው የሚከፈለው። ከባሕር ዳር ሆናችሁም በስልክና በቪዲዮ ማማከር ትችላላችሁ፣ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለባችሁም።

አክሲዮን ለመግዛት ሳይሆን ጠቅላላ ዕቅዳችሁን የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ከተማችን ውስጥ ሰው ሞልቷል። የነጋዴ ሂሳብ የሚሠራ የተፈቀደለት የሂሳብ ባለሙያ፣ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ወይም ፋይናንስ የሚያስተምር መምህር፣ ከባንክ ሥራ የወጣና አሁን ለማንም የማይሸጥ ሰው። ሄዳችሁ «ጋሼ፣ የሁለት ሰዓት እከፍልዎታለሁ፣ ቁጥሬን ይዩልኝ» በሏቸው። ብዙዎቹ ገንዘቡን አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። ክፈሉ። በይሉኝታ የተሰጠ ምክር ይለሳለሳል፤ ዘመድ ደግሞ «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ለሁለት ሰዓት የምትከፍሉት ገንዘብ ከአንድ የተበላሸ የቦታ ውል ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ፊት ለፊት ስትቀመጡ ሳታፍሩ ጠይቁ። «እኔ ይህን ብገዛ አንተ ከማንም የምታገኘው ነገር አለ?» «አንተ ራስህ ይህ አክሲዮን አለህ? ልትሸጠው ታስባለህ?» «ገንዘቤን ባስቸኳይ ብፈልግ በስንት ጊዜ አወጣዋለሁ፣ ምን ያህሉን አጣለሁ?» «በጣም የከፋው ነገር ቢመጣ ምን ይሆናል?» ባንክ ውስጥ ከሆናችሁም «እህቴ፣ ይህ ዕቅድሽ ውስጥ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በቀጥታ የሚመልስ ሰው ጥሩ ነው። የሚቆጣ ወይም ወሬ የሚቀይር ከሆነ ሻይ ጠጥታችሁ ተነሱ። የተመከራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ ፈርሞ ይስጣችሁ። መፈረም የማይፈልገውን ምክር እናንተም አትከተሉት።

አሁን ስለየነገሩ

አክሲዮን። ያለፉት ዓመታት የባንክ አክሲዮን ሻጭ የበዛው ያለ ምክንያት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ስላዘዘ፣ ባንኮቹ ገንዘብ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ «ለምን አሁን?» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ስለ እናንተ ጡረታ አይደለም። ይህ ማለት አክሲዮን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋ ሲንር ከንግዱ ጋር አብሮ ሊያድግ የሚችል ነገር ያስፈልጋችኋል። ግን የ3 እና የ5 ዓመት የትርፍ ድርሻውን በአንድ አክሲዮን ስንት እንደነበር በቁጥር ጠይቁ፣ አክሲዮኑ ሲበዛ ድርሻው መቅጠኑንም አስተውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለመጀመር ሚሊየነር መሆን እንደማያስፈልግ ያሳያል። አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ገበያው ገና ጨቅላ ስለሆነ ልሽጥ ባላችሁ ቀን ገዢ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ 58 ዓመት የሞላው ሰው ለመድኃኒት የሚፈልገውን ብር እዚያ አያስገባ። የ35 ዓመት ሰው ግን ጊዜ አለው።

ባንክ። ለችግር ቀን የሚሆን የ6 ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ፣ በዚህ ክርክር የለም። ከዚያ በላይ የሆነውን በጊዜ ገደብ አስቀምጡና ወለዱን ተደራደሩ፤ መጠኑ ደህና ከሆነና ጊዜው ከረዘመ ከ7 በመቶ በላይ የሚሰጡ አሉ። ሦስት ባንክ ጠይቃችሁ አወዳድሩ። ወለድ የማትፈልጉ ከወለድ ነጻ መስኮቱ ላይ ያለውን የኢንቨስትመንት ሂሳብ ጠይቁ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር መሆኑን እያሰባችሁ፣ ሁሉን አንድ ቦታ አታከማቹ።

ቤትና ቦታ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የባሕር ዳር ሰው ጡረታ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሰርቪስ ቤት ነው። ግቢ ውስጥ አራት አምስት ክፍል ሠርቶ ለተማሪና ለሠራተኛ ማከራየት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኪራይ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን ስታሰሉ 12 ወር ሙሉ እንደሚከራይ አድርጋችሁ አታስሉ። ክፍል ባዶ የሚሆንበት ወር፣ የጣሪያ ጥገና፣ የመጸዳጃ ማስመጠጫ፣ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። በ70 ዓመታችሁ ከተከራይ ጋር ማን እንደሚከራከርም አስቡ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከከተማው ጫፍ ላይ ከገበሬ በውል የሚገዛው ቦታ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ካርታ አይሆንም። የ25 ዓመት ቁጠባ አፍስሶ ቤት ከሠራ በኋላ የሚፈርስበት ሰው ዕድሜው ሌላ 25 ዓመት አይሰጠውም። እዚህ ላይ ገለልተኛው አማካሪያችሁ ጠበቃ ነው፣ ያውም ደላላው ያመጣው ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁት። ማህደሩን መሬት አስተዳደር ሄዶ ይይ፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት የጽሑፍ ማረጋገጫ ያምጣ፣ ከዚያ ቀብድ ይከፈል።

ሌላም አለ። ገቢያችሁ ከቱሪስት ከሆነ ቁጠባችሁን እንደገና ቱሪስት ላይ አታድርጉት። ጀልባ ያለው ሰው ትርፉን አጠራቅሞ ሐይቁ ዳር እንግዳ ማረፊያ ሲሠራ ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ ማዕድ ነው። 2012 ላይ ኮሮና መጣ፣ 2013 ላይ ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ያለበትን ሁሉም ያውቃል። ጀልባው ሲቆም ማረፊያውም ባዶ ሆነ። ዓሣውም እንደዚያው ነው፣ እንቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍነው መረብ የሚጥል ሰው ያውቀዋል። ከሐይቁ የሚያገኝ ሰው ቁጠባው ከሐይቁ ውጪ ይሁን፦ ሜጫ ላይ ከዘመድ ጋር የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ መሥሪያ ቤትም ሆነ ሰፈር ውስጥ ያለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር፣ የጥቂት ድርጅቶች አክሲዮን። ጎረቤታችሁ ይህን ስላደረገ ሳይሆን ገቢያችሁ በወደቀ ቀን አብሮ የማይወድቅ ነገር ስለሚያስፈልጋችሁ።

የሕይወት ኢንሹራንስ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ መከታ ነው። እንደ ቁጠባ ሲሸጥላችሁ ግን ከ15 ዓመት በኋላ የሚሰጣችሁ ብር ዛሬ በተጻፈው ቁጥር መሆኑን፣ መሃል ላይ ብታቋርጡም ስንት እንደሚመለስላችሁ ጠይቁ። ዕቁብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ግሩም ነው፣ ለ20 ዓመት ዕቅድ ግን አይሆንም። በሳምንት ይህን ያህል በመቶ እንከፍላለን፣ ሰው ስታመጡ ይጨመርላችኋል የሚለውን ነገር ደግሞ ማማከር እንኳ አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚከፈለው ከእናንተ ብር ነው።

ወደ አማካሪው ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ባለቤታችሁ ይኑሩ። የደመወዝ ወረቀት፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ደብተሮች፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬቶች፣ የቤት ካርታና የብድር ውል ይዛችሁ ሂዱ። ዕዳ ካለ አትደብቁ፤ የተደበቀ ዕዳ ምክሩን ሁሉ ያበላሻል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሐምሌ ደመወዝ ጭማሪና የባንኮች የትርፍ ክፍፍል ሲታወቅ፣ ያንኑ ገጽ አውጥታችሁ ቁጥሩን አድሱ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ጡረተኛው ቢሞት ሚስት ወይም ባል የጡረታውን 50 በመቶ ያገኛሉ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ይህን ለማግኘት ግን የጋብቻና የልደት ማስረጃ ይጠየቃል። 30 ዓመት አብረው ኖረው ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ከነዚያ ከሆናችሁ በዚህ ሳምንት ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዳችሁ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፣ ወረቀቱንም ከጡረታ ማስረጃችሁ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉት፣ ፋይሉ የት እንዳለም ለትልቁ ልጃችሁ ንገሩት።